«ቀጥ ያለ ሰንሰለት» ወይስ «ቅርንጫፍ የለሽ ሰንሰለት»? ስለ አንድ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ስያሜ

በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርት መግቢያ ላይ ተማሪው ከሚያገኛቸው ጽንሰ ሐሳቦች አንዱ፣ የካርቦን አቶሞች እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ሰንሰለት የሚሠሩ መሆናቸው፣ ሰንሰለቱም አንዳንድ ጊዜ ቅርንጫፍ የሚያወጣ፣ አንዳንድ ጊዜም የማያወጣ መሆኑ ነው። ለዚህ ቅርንጫፍ ለሌለው ዓይነት በቃልም በጽሑፍም ሲሠራበት የምንሰማው ስያሜ «ቀጥ ያለ ሰንሰለት» ወይም «ቀጥተኛ ሰንሰለት» የሚለው ነው። እኛም ብንሆን ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ስንቀበልና ስናስተላልፍ ኖረናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስያሜው የተሰጠውን ነገር እንደማይገልጽ፣ ይልቁንም ተማሪውን ወደ ስሕተት እንደሚመራ ማሳየትና በምትኩ ሊሠራበት የሚገባውን ማመልከት ነው።

ጥርጣሬው የተነሣብን በሮቢት ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ይህች ሮቢት ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት አይደለችም፤ በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆላ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ናት። ወደዚያ የሄድነውም ለኬሚስትሪ ጉዳይ ሳይሆን የማሽላ እርሻ ቃላትን ለመመዝገብ ነበር። ባረፍንበት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነች ልጅ ነበረችና፣ የቃላት ሥራ ላይ መሆናችንን ሰምታ አንድ የታረመ የፈተና ወረቀት ይዛ መጣች። ጥያቄው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትምህርቱ ግን፣ በብዙ ቦታ እንደሚደረገው፣ የተብራራላቸው በአማርኛ ነበር። አምስት ካርቦንና አሥራ ሁለት ሃይድሮጅን ያላቸው ስንት የተለያዩ ሞለኪውሎች እንዳሉ ሥለው እንዲያሳዩ ታዘዋል። ትክክለኛው መልስ ሦስት ነው። እርሷ የሣለችው አራት ሲሆን፣ በአንዱ ላይ ያለ ምንም ማብራሪያ ቀይ የስሕተት ምልክት ተደርጎበታል።

ያ በቀይ የተሰረዘው ሥዕል አራት ካርቦኖች በአግድም ተደርድረው አምስተኛው ከመጨረሻው ካርቦን ወደ ታች የታጠፈበት ነው። «ጋሼ፣ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ተብለን ነው የተማርነው፤ ይኼኛው ግን ቀጥ አላለም፣ ታጥፏል። ታዲያ ከመጀመሪያው ጋር እንዴት አንድ ይሆናል?» አለችን። በአማርኛው ከሄድን ልጅቷ ትክክል ነበረች። የታጠፈ ነገር ቀጥ ያለ አይባልም። ቀጥ ያላለ ከሆነ ደግሞ «ቀጥ ያለ ሰንሰለት» ከሚለው ስም ሥር ሊገባ አይችልም። ነጥብ ያስቀነሳት የኬሚስትሪ ጉድለት ሳይሆን ቃሉን አምና መቀበሏ ነበር። የእኛን ወገን የሚመለከተውም ይኸው ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንመልከት። የካርቦን አቶም ከሌሎች አቶሞች ጋር የሚያያዝባቸው አራት ክንዶች አሉት እንበል። በሃይድሮካርቦኖች ውስጥ ከእነዚህ ክንዶች ገሚሶቹ ሌላ ካርቦን፣ ቀሪዎቹ ሃይድሮጅን ይይዛሉ። እያንዳንዱ ካርቦን ቢበዛ ሁለት ካርቦኖችን ብቻ፣ አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ በኩል፣ የያዘ እንደ ሆነ ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ የለውም። አንድ ካርቦን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ካርቦን ከያዘ ግን በዚያ ቦታ ቅርንጫፍ ወጥቷል ማለት ነው። ጽንሰ ሐሳቡ ከዚህ አያልፍም። መታጠፍ፣ መጉበጥ፣ መጠምዘዝ በዚህ ፍቺ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ለተማሪ የሚነገር አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ጣትን በአንደኛው ጫፍ ካርቦን ላይ አሳርፎ፣ ሳያነሡና በመጡበት ሳይመለሱ ሁሉንም ካርቦኖች ነክቶ ከሌላው ጫፍ መድረስ ከተቻለ ቅርንጫፍ የለም። የሮቢቷ ተማሪ በሰረዙት ሥዕል ላይ ጣቷን አስኬደች፤ ወደ ታች ታጠፈች እንጂ አላነሣችም።

ካርቦኖቹ አራት ሲሆኑ የሚገኙት የተለያዩ ሞለኪውሎች ሁለት፣ አምስት ሲሆኑ ሦስት፣ ስድስት ሲሆኑ አምስት፣ አሥር ሲሆኑ ሰባ አምስት ናቸው። ሃያ ሲደርሱ ቁጥሩ 366,319 ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቅርንጫፍ የሌለው በየረድፉ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የምንነጋገርበት ቃል ከመቶ ሺዎች መካከል አንዱን ለይቶ የሚጠራ ቃል ነውና ልል ቢሆን ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ልዩነቱም የወረቀት ልዩነት አይደለም። አምስት ካርቦን ካላቸው ከሦስቱ ቅርንጫፍ የሌለው ፔንቴን በባሕር ጠለል ላይ በ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አንድ ቅርንጫፍ ያለው አይሶፔንቴን በ28፣ አንዱን ካርቦን አራቱ የከበቡት ኒዮፔንቴን ደግሞ በ9.5 ዲግሪ ይፈላሉ። የመጀመሪያው በሮቢት ጥላ ሥር ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ሲችል የመጨረሻው በዚያው ጥላ ሥር ጋዝ ነው። ምክንያቱም ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች ጎን ለጎን ሲሆኑ በብዙ ቦታ ስለሚነካኩ እርስ በርስ አጥብቀው ይሳሳባሉ። የተጨማደዱትና እንደ ድቡልቡል የሆኑት ግን የሚነካኩበት ቦታ አነስተኛ ነው። የማሽላ አገዳ ነዶ ሲታሰርና የግራር ቅርንጫፍ ሊታሰር ሲሞከር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አሁን ወደ ቅርጹ እንመለስ። «ቀጥ ያለ» የተባለው ሰንሰለት በእርግጥ ቀጥ ያለ ነውን? አይደለም። የካርቦን አራት ክንዶች በአንድ መሥመር ላይ አይዘረጉም፤ በየአቅጣጫው ተራርቀው ስለሚቆሙ በሁለት ተከታታይ ትስስሮች መካከል ያለው ማዕዘን ወደ 112 ዲግሪ ይሆናል። በመሆኑም ሰንሰለቱ እጅግ በተዘረጋበት ጊዜ እንኳ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ያለ ነው። ይህን አሌክስ ሙለር በ1928 (እ.ኤ.አ.) ሃያ ዘጠኝ ካርቦን ያለውን ቅርንጫፍ የለሽ ሃይድሮካርቦን በኤክስሬይ መርምሮ አሳይቷል። ያም የጠጣሩ ሁኔታ ነው። ፈሳሽ በሆነ ጊዜ ሰንሰለቱ በየትስስሩ ላይ ስለሚሽከረከር አንድ ጊዜ ይዘረጋል፣ አንድ ጊዜ ይጠቀለላል፣ ባለበት አይረጋም። ታጠፈ ተብሎ የተሰረዘው የልጅቷ ሥዕል ከቀጥታው ሥዕል ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ የሚገኘው ለአታሚ እንዲመች በተርታ በሚደረደሩት ፊደላት ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ ቃሉ ከየት መጣ? በ1858 የጀርመኑ ኬኩሌና የስኮትላንዱ ኩፐር፣ ሳይገናኙ፣ ካርቦን ከካርቦን ጋር እየተያያዘ ሊረዝም እንደሚችል ገለጹ። በ1892 በጄኔቭ የተሰበሰቡ ኬሚስቶች የሞለኪውልን ስም በረጅሙ ሰንሰለት ላይ የሚመሠርት ሥርዓት አወጡ። የዓለም አቀፉ የንጹሕና ተግባራዊ ኬሚስትሪ ኅብረት በ1979 ባሳተመው የስያሜ ደንብ ውስጥ የሃይድሮካርቦን ክፍል የመጀመሪያ አንቀጽ ሜቴንን፣ ኤቴንን፣ ፕሮፔንንና ቡቴንን ሲያስተዋውቅ የሚጠቀመው ቃል «ቅርንጫፍ የሌላቸው» የሚል ፍቺ ያለው ነው። «ቀጥ ያለ» የሚለው የመማሪያ መጻሕፍት ልማድ ነው። እኛ የተረጎምነው ልማዱን እንጂ ደንቡን አልነበረም። ከነገሩ ተነሥተን ስም ከማውጣት ይልቅ ከቃል ተነሥተን ቃል አወጣን።

በአማርኛ ደግሞ «ቀጥ» የሚለው ቃል በዚህ ረገድ ምሕረት የለውም። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ቀጥ ያለ ምሰሶ፣ ቀጥ ብለህ ቁም ስንል የምንናገረው ስለ ቅርጽ ብቻ ነው። መንገዱ በየመካከሉ መገንጠያ ቢኖረውም ዋናው እስካልታጠፈ ድረስ ቀጥ ያለ ነው። «ቀጥተኛ» ያልነው እንደ ሆነ ሌላ ችግር ይገጥመናል። ቃሉ በሰው ጠባይ ላይ እውነተኛ፣ በግብር ላይ ያለ አማካይ የሚከፈል ማለት ነው። በሰዋስው ደግሞ ቀጥተኛ ተሳቢና ቀጥተኛ ንግግር አሉን። ይህን ያህል ሸክም የተጫነበትን ቃል ለካርቦን ሰንሰለት ማከል በቃሉ ላይ መጨከን ይመስለናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቃሉን ያለ ቦታው አውለን የቃሉ ባለቤት ሲመጣ ባዶ እጃችንን መቅረታችን ነው። ይህን ለማስረዳት ቅቤንና ዘይትን እንውሰድ። በሞራ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት የስብ አሲዶች አንዱ ስቴሪክ አሲድ ይባላል። በሰሊጥ ዘይት ውስጥ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ኦሌይክ አሲድ ነው፤ የኑግ ዘይት ደግሞ በአመዛኙ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ሦስቱም አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ካርቦን አላቸው። ሦስቱም ቅርንጫፍ የላቸውም። ሆኖም ስቴሪክ አሲድ በ69 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ፣ ኦሌይክ በ13 ወይም በ14 ዲግሪ፣ ሊኖሌይክ ደግሞ ከዜሮ በታች በ5 ዲግሪ ይቀልጣል። ልዩነቱ የመጣው ኦሌይክ አሲድ በመካከሉ አንድ ድርብ ትስስር፣ ሊኖሌይክ ሁለት ስላላቸውና ድርብ ትስስሩ እንደ ተራው ትስስር ስለማይሽከረከር ሰንሰለቱን በዚያ ቦታ አጥፎ ስለሚይዘው ነው። የታጠፉት እንደ ልብ ጎን ለጎን ሊደረደሩ አይችሉም፤ ስለዚህ ዘይቱ ይፈሳል። ሞራው ግን ይረጋል። የራያ ቆላ ገበያ ላይ በቀትር የሚቀልጠው ቅቤ ደጋ ሲወጣ የሚረጋውም ከሁለቱም ዓይነት ስለተቀየጠ ነው።

እንግዲህ መምህሩ ይህን ሲያስተምር «የስቴሪክ አሲድ ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ሊዘረጋ ይችላል፣ የኦሌይክ ግን ታጥፏል» ማለት ይኖርበታል። አማርኛውም ይህንኑ ይፈቅድለታል። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት «ቀጥ ያለ ሰንሰለት ማለት ቅርንጫፍ የሌለው ማለት ነው» ብሎ ከነበረ፣ ዛሬ ኦሌይክ አሲድ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ኖሮት ሰንሰለቱ ቀጥ ያላለ ሊሆንበት ነው። ተማሪው ይህን ሰምቶ ቢስቅ ሊፈረድበት አይገባም። ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች፣ ማለትም አለመቀርንጨፍንና አለመታጠፍን፣ በሁለት ቃላት መለየት ግድ ይላል። ከሁለቱ «ቀጥ ያለ» የሚገባው ለሁለተኛው ነው።

ወደ ማሽላው ስንመለስ፣ ከሮቢት ዙሪያ እርሻ ያገኘነው ትምህርት ከቃላት ዝርዝሩ ይልቅ በአገዳው ላይ የነበረ ነው። በራያና በቆቦ ሜዳ የሚበቅለው ማሽላ አገዳውን በእጅ ሲያሻሹት አመድ የመሰለ ነጭ ብናኝ ጣት ላይ ይቀራል። ይህ አፈር አይደለም፤ ተክሉ ራሱ ከቆዳው የሚያወጣው ሰም ነው። ሲመረመር አብዛኛው ሃያ ስምንትና ሠላሳ ካርቦን ባላቸው ቅርንጫፍ የለሽ የስብ አሲዶች የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል። ውኃ በእነዚህ ረጃጅም ሰንሰለቶች መካከል በቀላሉ ስለማያልፍ ተክሉ በድርቅ ጊዜ እርጥበቱን ይቆጥባል። ይህን ብናኝ የማያወጡ የማሽላ ዓይነቶች ውኃ በይበልጥ ያባክናሉ። ዝናቡ በሚያጥርበት በዚያ ሜዳ ይህ የገበሬው የእህል ጉዳይ ነው። የንብ ሰምም ቢሆን የዚሁ ቤተሰብ ነው። በጧፍ የሚነደው ሰም ዋነኛ ክፍሉ አሥራ ስድስት ካርቦን ያለው አሲድ ሠላሳ ካርቦን ካለው አልኮል ጋር የተጋባበት ውሑድ ሲሆን፣ ሁለቱም ወገኖች ቅርንጫፍ የላቸውም።

በሥሩም በኩል ሌላ አለ። የማሽላ ሥር ሶርጎሊዮን የሚባል፣ ሌሎች አረሞችን የሚያቀጭጭ ቅባት ያንጠባጥባል። የዚህ ቅባት ጅራት አሥራ አምስት ካርቦን ያለው ቅርንጫፍ የለሽ ሰንሰለት ሲሆን፣ ሦስት ድርብ ትስስሮች ስላሉት ከመታጠፍ አላመለጠም። ቀጥ ያለ ቢሉት ሐሰት፣ ቅርንጫፍ የለሽ ቢሉት እውነት የሚሆንበት ሁነኛ ምሳሌ ነው። በ1986 የቅርብ ዘመዱ የሆነ ውሑድ የአቀንጭራን ዘር ከመሬት እንደሚቀሰቅስ ተገልጾ ነበር፤ በኋላ ግን በዚህ ረገድ ይበልጥ ኀይለኛ የሆኑ ሌሎች ውሑዶች ታውቀዋል። በዚሁ መሠረት ሥራቸው ቀስቃሽ የማያበዛ ማሽሎችን ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታና ባልደረቦቻቸው አዳቅለው ካወጧቸው ዝርያዎች አንዱ የሮቢት ጎረቤት የሆነችውን የጎብዬን ስም ይዟል። ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉትም በማሽላ ሥራቸው ነው።

ቅርንጫፍ መኖርና አለመኖር የሚያመጣው ለውጥ በሌላም መስክ ስለሚታይ በአጭሩ እንጥቀሰው። በሮቢት በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ናፍጣ ይጠቀማሉ። ለናፍጣ ጥራት መለኪያ መቶ የተሰጠው ሴቴን አሥራ ስድስት ካርቦን ያለው ቅርንጫፍ የለሽ ሰንሰለት ሲሆን፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ሄፕታሜቲልኖኔን በዚሁ መለኪያ አሥራ አምስት ብቻ ያገኛል። በቤንዚን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቅርንጫፍ የለሹ ሄፕቴን ዜሮ፣ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው አይሶኦክቴን መቶ ነው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄትም እንዲሁ ነው። በ1950ዎቹ ይሠራ የነበረው ባለ ቅርንጫፍ ሰንሰለት ስለነበረው ባክቴሪያዎች ሊበሉት ተቸግረው የአውሮፓና የአሜሪካ ወንዞች በአረፋ ተሸፈኑ። በ1960ዎቹ ሰንሰለቱ በቅርንጫፍ የለሽ ሲተካ አረፋው ቀነሰ። ዛሬ በአላ ውኃ ወይም በጎሊና ዳር ልብስ ሲታጠብ የሚታየው አረፋ ሳይቆይ የሚጠፋ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ስያሜው እንምጣ። በዚህ ሥራ እንደተለመደው በመጀመሪያ የሚታየው ከአማርኛው የተገኘው ነው። «መለሎ ሰንሰለት» ሊባል ይችላል የሚል ሐሳብ ከአንድ ባልደረባችን ቀርቦልን ነበር። ቃሉ ያማረ ነው፤ ቁመተ መለሎ የተባለችን ልጃገረድ ለማመስገን እንጂ ለእኛ ጉዳይ ግን አይሆንም። ርዝመትንና ቀጥ ማለትን ስለሚያመለክት ከቀድሞው ስሕተት አያወጣንም። «ወጥ ሰንሰለት»ም ታስቦ ነበር። ወጥ ስንል ከአንድ ነገር ብቻ የተሠራ፣ ያልተቀጣጠለ ማለታችን ስለሆነ፣ ተማሪው ከካርቦን በቀር ሌላ አቶም የሌለበት ሰንሰለት ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል። ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጽንሰ ሐሳብ ነው። «ነጠላ ሰንሰለት» እንዳይባል ነጠላ ትስስር የሚለው ስያሜ ቀድሞ ይዞታል። ከግዕዝ ዐጽቅ የሚለውን ወስዶ «አልቦ ዐጽቅ» ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቅርንጫፍን የመሰለ ሕያው ቃል እያለን ተማሪው ሁለት ጊዜ እንዲተረጉም ማስገደድ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም። ግዕዝን የምንጠራው አማርኛው ሲያልቅ እንጂ ገና ሳይጀመር አይደለም።

«ኢቅርንጫፋዊ» የሚለውም ተሰምቷል። «ኢ» የሚለው ቅጥያ ኢሰብአዊና ኢፍትሐዊ እንደሚሉት በአብዛኛው ከነቀፌታ ጋር ስለሚመጣ፣ ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ ባለማውጣቱ ጥፋት ያደረገ ያስመስለዋል። እንግዲህ የሚቀሩት «ቅርንጫፍ አልባ» እና «ቅርንጫፍ የለሽ» ናቸው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። ቤት አልባ፣ ወላጅ አልባ፣ መሬት አልባ ስንል ሊኖረው ሲገባ የተነፈገውን ሰው እናስባለን። ወሰን የለሽ፣ ስም የለሽ ስንል ግን አለመኖሩን ብቻ እንናገራለን። የካርቦን ሰንሰለት የተነፈገው ነገር ስለሌለ «የለሽ» ይሻላል። («የለሽ» በመልኩ ለሴት የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን ቃሉ በዚሁ መልኩ ረግቶ ለወንዱም ለግዑዙም ማገልገል ከጀመረ ቆይቷል።)

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። ጫፍና ጫፉ የተገናኘ ሰንሰለት፣ ማለትም ቀለበት፣ እርሱም ቅርንጫፍ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ትርጓሜው «ክፍት» የሚለውን ቃል መያዝ ይኖርበታል፤ በተራ አጠቃቀም ግን ሳይደገም ቢታለፍ ችግር የለውም።

«ኖርማል» ተብሎ ከስሙ ፊት የሚቀመጠውን ምልክት በሚመለከት፣ «መደበኛ ፔንቴን» ወይም «ደንበኛ ፔንቴን» እየተባለ ሲተረጎም አይተናል። ይህም ሌሎቹን ሁለቱን ከደንብ የወጡ ያደርጋቸዋል። ትርጉም አያስፈልገውም። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ፔንቴን ብቻ ከተባለ ቅርንጫፍ የለሹ ማለት ነው፤ መለያ የሚጨመረው በሌሎቹ ላይ ነው። የራያ ሰው ሮቢት ብሎ ሲያበቃ የሩቋን ግን ሸዋ ሮቢት እንደሚላት ማለት ነው።

«አገዳ» የሚለውን ግን አንጥልም። ስያሜ ሊሆን አይችልም፤ «አገዳማ ሰንሰለት» ቢባል ዘይቤ እንጂ ትርጓሜ አይሆንም፤ ማሽላ የማይበቅልበት አገር ተማሪም አለ። ለማስረጃ ግን ከእርሱ የሚሻል አላገኘንም። አገዳ በአንጓ በአንጓ የተያያዘ ነው። እያንዳንዱ አንጓ ከበላዩና ከበታቹ ካለው ጋር ብቻ ይገናኛል። ራሱ ከብዶት አንገቱ የተቆለመመ ማሽላ በዚያ ሜዳ ሞልቷል፤ አንገቱ ተቆልምሞ ራሱ ወደ ምድር ስላየ ቅርንጫፍ አወጣ የሚል ገበሬ ግን የለም። ለተማሪዋ በማግሥቱ ያሳየናትም ይህንኑ ነበር። ከዚያም ወረቀቱ ላይ ሁለቱን ሥዕሎች በአንድ ቅንፍ ውስጥ አስገብታ «አንድ ናቸው» ብላ በአጠገቡ ጻፈች። የተሰረዘው ነጥብ ግን አልተመለሰላትም።

ለመዝገበ ቃላቱ የምናቀርባቸው ፍቺዎች እንደሚከተለው ናቸው።

ቅርንጫፍ የለሽ ሰንሰለት፦ እያንዳንዱ ካርቦን ከሁለት ካርቦኖች በማይበልጡ የተያያዘበት ክፍት የካርቦን ሰንሰለት፤ መዘርጋቱ ወይም መታጠፉ ከግምት አይገባም።

ባለ ቅርንጫፍ ሰንሰለት፦ ቢያንስ አንድ መገንጠያ ካርቦን ያለው ክፍት የካርቦን ሰንሰለት።

መገንጠያ ካርቦን፦ ከሦስት ወይም ከአራት ካርቦኖች ጋር የተያያዘ ካርቦን። (ቃሉ የተወሰደው ከመንገድ መገንጠያ ነው።)

የጎን ሰንሰለት፦ በመገንጠያ ካርቦን ላይ ከዋናው ሰንሰለት ጎን የሚወጣው አጭሩ ክፍል።

ቀጥ ያለ፦ ለሰንሰለት ቅርጽ ብቻ፣ የታጠፈ ለሚለው ተቃራኒ ሆኖ ይሠራበታል፤ ቅርንጫፍ የለሽ በሚለው ምትክ አይገባም።